«ባለቤት» እና «ባለይዞታ»

እነዚህን ቃላት ተርጓሚዎች አንዱን በሌላው ሲተኩ እናያለን፤ በሕግ ግን ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣው የጀርመን መሠረታዊ ሕግ በአንቀጽ 14 ለንብረት የሰጠው ዋስትና መሬትንም ይጨምራል። የኢትዮጵያ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 40 የመሬትን ባለቤትነት ለመንግሥትና ለሕዝብ አድርጎ፣ ለገበሬው ከመሬቱ ያለመነቀልን፣ በጉልበቱ ባፈራው ላይም የባለቤትነትን መብት ያረጋግጥለታል።

ስለዚህ በአዊ ዞን፣ በእንጅባራ ወይም በዳንግላ አካባቢ፣ ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ የተከለ ገበሬ የዛፉ ባለቤት፣ የመሬቱ ባለይዞታ ነው። ዛፉን ይሸጣል፤ መሬቱን ያወርሳል እንጂ አይሸጥም። በመሬቱ «ባለቤት» ያለው ተርጓሚ ሕግ ያልሰጠውን መብት ይሰጠዋል፤ በዛፉ «ባለይዞታ» ያለውም የሰጠውን ይነሣዋል። ቃላቱ እንደየመብቱ ተለይተው እንዲጻፉ እናሳስባለን።