አነስተኛና ርካሽ ታብሌት መሥራት ያዋጣል?

የአፕል መሥራች ስቲቭ ጆብስ በአውሮፓውያኑ 2010 ባለ 7 ኢንች ታብሌቶች ገበያ እንደማይኖራቸው ተናግረው ነበር። ስክሪናቸው ለጣት እጅግ ይጠባል የሚል መከራከሪያ አቀረቡ።

ገበያው ግን የተለየ ምላሽ ሰጠ። የአይፓድ መነሻ ዋጋ 499 ዶላር በነበረበት በ2011 አማዞን ባለ 7 ኢንቹን ኪንድል ፋየር በ199 ዶላር አቀረበ። በቀጣዩ ዓመት አፕል ራሱ ባለ 7.9 ኢንቹን አይፓድ ሚኒ በ329 ዶላር መሸጥ ጀመረ።

አማዞን ዋጋውን ዝቅ ያደረገው ትርፉን ከመሣሪያው ሳይሆን ተጠቃሚዎች በኋላ ከሚገዟቸው መጻሕፍትና ፊልሞች አገኛለሁ ብሎ ነው። በኢንተርኔት መገበያየት ባልተለመደበት አገር ይህ ስሌት አይሠራም።

ሕንድ ሌላ መንገድ ሞከረች። በ2011 ይፋ የሆነውን አካሽ የተሰኘ ታብሌት በመንግሥት ድጎማ ለተማሪዎች በ35 ዶላር ገደማ ለማቅረብ አቀደች። ሆኖም ስክሪኑ ጠንከር ተደርጎ ካልተጫነ አይታዘዝም፤ አሠራሩ አዝጋሚ ነበር፤ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። በ2012 የወጣው አካሽ 2 የተሻለ ስክሪንና ፕሮሰሰር ተገጠመለት።

በምሥራቅ አፍሪካ ገጠሮች ደግሞ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ይጨመራል። በ2012 በኢትዮጵያ፣ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ለሚገኙ የገጠር ሕፃናት ታብሌት ሲታደል፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ቻርጀር አብሮ መቅረብ ነበረበት።

ስለዚህ አነስተኛ ታብሌት ያዋጣል፤ የሚያከስረው ዋጋ ለመቀነስ ሲባል ከባትሪውና ከስክሪኑ ጥራት መቀነስ ነው።