የነርሶች የሙያ ሥራ ፈቃድ እድሳትና የጤና ምርመራ ማስረጃ አያያዝ

በሥራ ላይ የሚገኝ ነርስ በአንድ ጊዜ ቢያንስ ሦስት የጊዜ ገደቦችን መከታተል ይጠበቅበታል። እነዚህም የሙያ ሥራ ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀን፣ ለእድሳት የሚጠየቀው ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና፣ እንዲሁም የራሱ ክትባትና የጤና ምርመራ ናቸው። ሦስቱም የሚጀምሩበትና የሚያበቁበት ቀን የተለያየ ሲሆን ማስረጃቸውም ከተለያየ አካል ይገኛል። ፈቃድ የሚሰጠው አካል የባለሙያውን የክትባት ካርድ አይዝም። ክትባቱን የሚሰጠው ክፍልም ፈቃዱ መቼ እንደሚያበቃ አይጠይቅም። የጤና ተቋሙ የሰው ሀብት ክፍል ደግሞ ብዙውን ጊዜ በእጁ ያለው በቅጥር ዕለት የተቀበለው ቅጂ ነው። በመሆኑም ሦስቱን በአንድ ላይ መመልከት የሚችለው ባለሙያው ብቻ ነው፤ አሠሪው ያስታውሰኛል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም።

ማንኛውም የጤና ባለሙያ ሳይመዘገብና የሙያ ሥራ ፈቃድ ሳይኖረው አገልግሎት መስጠት እንደማይችል በሕግ ተደንግጓል። ፈቃዱ ጊዜው ካለፈ ነርሱ ትናንት የነበረው ዕውቀት ዛሬም አብሮት አለ፤ የሌለው ሕጋዊው መሠረት ነው። ይህ ልዩነት በተለመደው የሥራ ቀን ጎልቶ አይታይ ይሆናል። በሕክምና ላይ ጉዳት ደርሶ ቅሬታ ሲቀርብና ማጣራት ሲጀመር ግን አስቀድመው ከሚጠየቁት ሰነዶች አንዱ በዕለቱ የጸና ፈቃድ መኖሩን የሚያሳየው ነው። በዚያን ጊዜ የእድሳት ቀኑን ረስቶ ማለፉ ባለሙያውን በእጅጉ ያዳክመዋል፤ ሥራውን በትክክል አከናውኖ ቢሆን እንኳ።

ቀኑን ለማሳለፍ ምክንያት ከሚሆኑት ነገሮች አንዱ የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ነው። የአንድ ነርስ ማስረጃዎች ከፊሎቹ በኢትዮጵያ፣ ከፊሎቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ሊሆኑ ይችላሉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 7 ዓመት ነው፤ የአውሮፓውያኑ አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ ግን 8 ዓመት ይሆናል። ለምሳሌ ማርች 15 ቀን 2026 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሚያበቃ ሰነድ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያበቃው መጋቢት 6 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። 8 መቀነስ ሲገባው 7 የቀነሰ ሰው ግን መጋቢት 2019 ብሎ ይመዘግባል፤ ሙሉ ዓመት የቀረው እየመሰለውም ጊዜው ባለፈ ሰነድ ይሠራል። እንዲሁም በቁጥር ብቻ የተጻፈ ቀን ቀኑና ወሩ ተገላብጦ ሊነበብ ይችላል። ስለዚህ ቀኑ ሰነዱን በተቀበሉበት ዕለት፣ ወሩ በስሙ ተጽፎ፣ በሁለቱም አቆጣጠር ቢመዘገብ ይመረጣል።

የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠናን በተመለከተ የሚያጋጥመው ችግር ብዙ ጊዜ የሥልጠናው አለመኖር ሳይሆን የማስረጃው መጉደል ነው። በተቋም ውስጥ የሚሰጥ አጭር ገለጻ፣ ዓውደ ጥናት ወይም በኢንተርኔት የተወሰደ ትምህርት ሁሉ ለእድሳት ይያዛል ማለት አይደለም። ሥልጠናውን የሰጠው አካል ዕውቅና ያለው መሆኑና የተሰጠው ነጥብ በምስክር ወረቀቱ ላይ መስፈሩ መታየት ያለበት በሥልጠናው ማብቂያ ዕለት ነው። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ አስተባባሪውን አፈላልጎ ወረቀት ማስተካከል አድካሚ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ከናካቴው አይቻልም። ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ ያደገ ነርስም አዲሱ የትምህርት ማስረጃ ፈቃዱን በራሱ እንደማይቀይረው ሊገነዘብ ይገባል። የፈቃዱ የሙያ ደረጃ እንዲለወጥ ራሱን የቻለ ጥያቄ ማቅረብ ያስፈልጋል።

የጤና ምርመራና የክትባት ማስረጃ ከሁሉ ይልቅ ቸል የሚባለው ነው። ብዙዎች ለቅጥር ወይም ለውጭ ጉዞ ብቻ የሚያስፈልግ ወረቀት አድርገው ያዩታል። ዋጋው በግልጽ የሚታየው ግን አንዲት ነርስ በሌሊት ተራ ላይ ሳለች ለሕመምተኛ በተጠቀመችበት መርፌ የተወጋች እንደሆነ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በተለመደው አሰጣጥ ሦስት ጊዜ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አንድ ወር፣ ሦስተኛው ደግሞ ስድስት ወር ቆይቶ ነው። ከመጨረሻው ክትባት በኋላ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ በሚደረግ የደም ምርመራ የመከላከያው መጠን በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ዩኒትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰውነት ለክትባቱ ምላሽ እንደሰጠ ይቆጠራል። ይህን የሚያሳይ ወረቀት ያላት ነርስ ከተወጋች በኋላ ለሄፓታይተስ ቢ ተጨማሪ ሕክምና አያስፈልጋትም። ማስረጃ የሌላት ነርስ ግን የምርመራ ውጤት መጠበቅ፣ እንደ ሁኔታውም ክትባትና በአብዛኛው ውድና በቀላሉ የማይገኝ መከላከያ መርፌ በአፋጣኝ መውሰድ ሊኖርባት ይችላል።

የጠፋውን ወረቀት በሌላ ምርመራ እተካዋለሁ ማለትም ሁልጊዜ አይሠራም። በደም ውስጥ የሚለካው መከላከያ ከዓመታት በኋላ ከ10 በታች ሊወርድ ይችላል፤ ቀድሞ በሚገባ ምላሽ የሰጠ ሰው ጥበቃው ግን አብሮት ይቆያል። ስለሆነም ከዓመታት በኋላ የተገኘ ዝቅተኛ ውጤት ክትባቱ አልሠራም ወይስ መጠኑ በጊዜ ብዛት ቀነሰ የሚለውን አይለይም። ይህን የሚመልሰው ያ የመጀመሪያው ወረቀት ነው። የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ክትባት ቀንም በተወሰደበት ዕለት በካርዱ ላይ ማስፈር ያስፈልጋል፤ አንድ ጊዜ ወስዶ ሌላውን መርሳት በሥራ ብዛት የተለመደ ነውና።

ለኤች አይ ቪ የሚሰጠው ድኅረ ተጋላጭነት መከላከያ መድኃኒት ወዲያውኑ፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ይጀመራል፤ ለ28 ቀናትም ይወሰዳል። በዚህ ጊዜ አደጋው የደረሰበት ቀንና ሰዓት፣ በዕለቱ የተደረገው የመነሻ ምርመራ፣ እንዲሁም ለክትትል ምርመራ የተሰጠው ቀጠሮ በጽሑፍ መያዝ አለበት። የምርመራው ውጤት ግን የባለሙያው ምስጢር ስለሆነ ከፈቃድና ከሥልጠና ማስረጃዎች ጋር በአንድ ማኅደር መቀመጥ የለበትም።

የሳንባ ነቀርሳን በሚመለከት ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ያየ ነርስ መደበኛውን የምርመራ ወቅት መጠበቅ አይኖርበትም። የደረት ራጅ ተነስቶ ከሆነም የንባብ ውጤቱን ማስቀመጥ ይጠቅማል፤ በኋላ በሚነሳ ራጅ ላይ የሚታይ ጠባሳ አሮጌ መሆኑን ለማሳየት ያስችላልና። በሕፃንነቱ የቢሲጂ ክትባት የወሰደ ሰው የቆዳ ምርመራው ያለ በሽታ አዎንታዊ ሊሆን ስለሚችል፣ በተለይ ለሥራ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም ወደ ሌላ አገር የሚጓዝ ነርስ የክትባት ታሪኩን ለመርማሪው ሐኪም አስቀድሞ ቢገልጽ ይረዳዋል። ለዚሁ ተጓዥ ሌላው ጥንቃቄ የስም አጻጻፍ ነው። በፓስፖርቱ፣ በዲፕሎማውና በሙያ ፈቃዱ ላይ የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም በላቲን ፊደል የተጻፈበት መንገድ ከተለያየ ማረጋገጫው ይጓተታል፤ ይህን በእድሳት ወቅት ማስተካከል ከጉዞ ዋዜማ ይልቅ ይቀላል።

ለክትትሉ የተለየ መሣሪያ አያስፈልግም። በአንድ ገጽ ላይ የሰነዱን ዓይነት፣ የሰጠውን አካል፣ ቁጥሩን፣ የተሰጠበትንና የሚያበቃበትን ቀን መጻፍ ይበቃል። ከሚያበቃበት ቀን ሦስት ወር ቀደም ብሎ በስልክ ማስታወሻ መያዝም ይቻላል፤ የጎደለ ማስረጃ ቢገኝ ለማሟላት ጊዜ ይሰጣል። ዋናዎቹ ሰነዶች በቤት ተቀምጠው ፎቷቸው ከስልክ ውጭ በሌላ ቦታም ቢኖር ስልክ ሲጠፋ መዝገቡ አብሮ አይጠፋም።

ፈቃዱ ጊዜው ማለፉን የተገነዘበ ነርስ ጉዳዩን ለቅርብ ኃላፊው በጽሑፍ አሳውቆ፣ የነበረውን ፈቃድና የሥልጠና ማስረጃዎቹን ይዞ ፈቃዱን ወደሰጠው የፌዴራል ወይም የክልል አካል መቅረብ ይኖርበታል። ከአንድ ክልል ወደ ሌላ ክልል የተዛወረ ከሆነም እድሳቱ የት እንደሚፈጸም ማመልከቻውን ከማስገባቱ በፊት በአዲሱ ክልል ጤና ቢሮ ቢጠይቅ ከአላስፈላጊ ምልልስ ይድናል።