ቁጡውን ካርቤን መግራት፦ ከቶሮንቶው ኬሚስት እስከ ሆርሞን መድኃኒቶች

የካርቦን አቶም ከሌሎች አቶሞች ጋር ሲጣመር አብዛኛውን ጊዜ በዙሪያው 8 ኤሌክትሮኖች ይኖሩታል። ካርቤን በተባለው ውህድ ውስጥ ግን ካርቦኑ ያለው 6 ብቻ ነው። ይህን ጉድለት ለመሙላት ያገኘውን ሞለኪውል ስለሚያጠቃ፣ ተራ ካርቤን ዕድሜው ከቅጽበት አያልፍም።

ካርቤንን ይበልጥ የሚስበው ሁለት ካርቦኖች በድርብ ትስስር የተያያዙበት ቦታ ነው። ከሁለቱም ጋር ሲጣመር ሦስት ካርቦን ያለው ጠባብ ቀለበት ይፈጠራል።

ይህች ትንሽ ቀለበት በስቴሮይዶች ላይ ስትጨመር ትልቅ ለውጥ ታመጣለች። ኮሌስትሮልና ቴስቶስቴሮን የሚገኙበት ይህ ቤተሰብ በአራት የተያያዙ ቀለበቶች አጽም ላይ የተሠራ ነው። ለፕሮስቴት ካንሰር ሕክምና የሚውለው ሳይፕሮቴሮን አሲቴት በአጽሙ የመጀመሪያና ሁለተኛ ካርቦኖች ላይ እንዲህ ያለ ቀለበት አለው፤ መድኃኒቱ ቴስቶስቴሮን በሴል ውስጥ የሚያርፍበትን ተቀባይ ይዘጋል። በአንዳንድ የወሊድ መከላከያ እንክብሎች ውስጥ የሚገኘው ድሮስፒሬኖን ደግሞ ሁለት ጠባብ ቀለበቶች አሉት።

ችግሩ ቀለበቱን በተፈለገው ስፍራ ማኖር ነው። ስቴሮይዱ ሁለት ድርብ ትስስሮች ካሉት፣ ኤሌክትሮን የተራበው ዳይክሎሮካርቤን በኤሌክትሮን የበለጸገውን ይመርጣል፤ ከካርቦኒል አጠገብ ያለውንና ኤሌክትሮን የተወሰደበትን ግን አብዛኛውን ጊዜ ያልፈዋል። የአጽሙም ሁለት ገጾች እኩል አይደሉም። በ10ኛውና በ13ኛው ካርቦን ላይ የቆሙት ሁለት የሜቲል ቡድኖች የላይኛውን ገጽ እንደ ዘብ ስለሚጠብቁ፣ ካርቤኑ በአመዛኙ ከታች ይገባል።

ካርቤንን ለመግራት መንገድ ከከፈቱት አንዱ ፒተር ዬትስ ነበር። ዬትስ እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተመው ጥናት፣ ዳያዞኬቶን የተባሉ ውህዶች በመዳብ አማካይነት ናይትሮጅን ለቀው ሲበተኑ፣ የሚቀረው ካርቤን ከመዳቡ ጋር ተጣብቆ እንደሚሠራ ሐሳብ አቀረበ። በኋላም በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። ከብረት ጋር የታሰረ ካርቤን ከነጻው ይልቅ የተረጋጋ ነው፤ ብረቱን በመለወጥም ምርጫውን መምራት ይቻላል።

የመድኃኒት ቅመማ ዛሬም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ አንድ ካርቦን በትክክለኛው ቦታ፣ በትክክለኛው ገጽ። ቀለበቱ ከታሰበለት ስፍራ ውጭ ካረፈ፣ የተገኘው ሌላ ሞለኪውል ነው፤ በሰውነት ውስጥ የሚሠራውም ሥራ ሌላ ሊሆን ይችላል።