የሳቢያን ድንቢጥና የጅጅጋ ላርክ

ሳቢያን በሚገኘው ቤታችን ቆርቆሮ ሥር በየዓመቱ ጥንድ ድንቢጦች ጎጆ ይሠራሉ። እናቴ «ባልና ሚስት ናቸው» ትላለች፤ እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ነገሩን ተጠራጥሬው አላውቅም። ይሁን እንጂ በ1987 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በቤት ድንቢጦች ላይ የተደረገው ምርምር እንዳሳየው፣ በአንድ ጎጆ ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች አንዳንዶቹ ምግብ የሚያመጣላቸው ወንድ ልጆች አይደሉም። ይህም የታወቀው ወፎቹን በማየት ሳይሆን በደማቸው ውስጥ የተጻፈውን በማንበብ ነው። «የአርት ፋኩልቲ ተማሪ በዘር ሳይንስ ምን አገባው?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም፤ ነገሩ ግን ከንባብ ሥራ የራቀ አይደለም።

ዲ.ኤን.ኤ. የሚባለው በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ነው። በጽሑፉ መካከል አልፎ አልፎ «ቶሎ ቶሎ ቶሎ» እንደምንለው ያለ ድግግሞሽ ይገኛል። አንድ ወፍ ከእናቱ 10 «ቶሎ»፣ ከአባቱ 13 «ቶሎ» ሲወርስ የጎረቤቱ ቁጥር ደግሞ ሌላ ይሆናል። እንዲህ ያለው ቦታ ማይክሮሳተላይት ይባላል። ከእነዚህ ቦታዎች ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ያህሉ ሲቆጠሩ፣ ማን የማን ልጅ እንደ ሆነ፣ ሁለት መንጋዎችም ይዳቀሉ ወይም ተለያይተው ይኑሩ እንደ ሆነ ለመለየት ይቻላል።

ምልክቱን ማዘጋጀት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። በመጀመሪያ ከወፏ ክንፍ ሥር ካለው የደም ሥር ጥቂት ጠብታ ይወሰዳል። የወፍ ቀይ የደም ሕዋስ ከሰው በተለየ ኑክሊየስ ስላለው ይኸው ይበቃል። ቀጥሎም ድግግሞሹና በግራ በቀኙ ያሉት የማይለዋወጡ ቃላት ተፈልገው ይገኛሉ። የእነዚህ አጎራባች ቃላት አጭር ግልባጭ በቤተ ሙከራ ይሠራና፣ በእርሱ መሪነት ያ ቦታ ብቻ ተለይቶ በሚሊዮን እጥፍ ይባዛል፤ ከዚያም ርዝመቱ ይለካል። በመጨረሻ ምልክቱ በብዙ ወፎች ላይ ይፈተናል። ቁጥሩ በሁሉም ዘንድ አንድ ከሆነ አይጠቅምም። አጎራባቹ ቃል በአንዳንዶቹ ተለውጦ ከተገኘ ደግሞ ከሁለቱ ውርሶች አንዱ ሳይነበብ ይቀርና ልጅን ከእውነተኛ ወላጁ እስከ መለየት ያሳስታል።

የዚህን ጥበብ ጥቅም ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። የደንገጎን ዳገት ወጥተን፣ ሐረርንና ባቢሌን አልፈን ጅጅጋ እንድረስ። የአርቸር ላርክ የተባለችው፣ ሣር ለሣር የምትሮጥ ትንሽ ወፍ ከ1922 ወዲህ በእርግጠኝነት አልታየችም ነበር። በደቡብም በነጌሌ አጠገብ፣ በሊበን ሜዳ፣ በ1968 የተገኘችው ላርክ እንደ ሌላ ዝርያ ተቆጠረች። በኋላ ግን ክሌር ስፖቲስዉድና ባልደረቦቻቸው በጅጅጋ አካባቢ የሚኖሩትን ወፎች በመልክ፣ በድምፅ፣ በጠባይና በዲ.ኤን.ኤ. አነጻጽረው፣ ሁለቱ ስሞች የአንድ ዝርያ ስሞች መሆናቸውን በ2013 አስታወቁ። ዝርያን ለመለየት የሚያገለግለው ድግግሞሽ መቁጠር ሳይሆን ጽሑፉን ፊደል በፊደል ማስተያየት ነው።

ሁለት ስም አንድ ሲሆን ወፉ የበዛ ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። ጅጅጋና ሊበን 590 ኪሎ ሜትር ተራርቀዋል፤ በሁለቱም ቦታ ሜዳው እየታረሰ ሣሩም እየሳሳ ሄዷል። ይህ ዝርያ ከጠፋ የሚጠፋው ከዓለም ነው። የሣሩ መጥፋት የሚጎዳው ደግሞ ወፏን ብቻ አይደለም፤ የአርብቶ አደሩን ከብትም ነው። በሊበን ሜዳ ቦረናዎች «ካሎ» የሚሉት፣ ግጦሽን ለተወሰነ ጊዜ ከልሎ የማቆየት ልማድ ለወፏም የጠቀመው ስለዚህ ነው።

የድንቢጦቹን ነገር ለእናቴ በነገርኳት ጊዜ ሳቀችና «ታዲያ የሚያበላቸው እርሱ አይደለምን?» አለችኝ። እውነቷን ነው። የዘር ምልክት ማን ከማን እንደ ተወለደ ይነግረናል፤ ማን እንደሚያሳድግ ግን አይነግረንም። ላርኳም አንድ ዝርያ መሆኗ ታውቋል። ሜዳዋን ማቆየት ግን የቤተ ሙከራ ሥራ ሳይሆን የእኛ የአገሩ ልጆች ፋንታ ነው።