መድኃኒቱ ሲጎዳ ማን ይቆጥራል? የሶዌቶ ሐኪሞች ትምህርት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። መድኃኒቱ ራሱ ሲጎዳ ጉዳቱን መደበቅስ? ጥያቄውን ያነሳነው በጆሃንስበርግ ሶዌቶ የሚገኘው የክሪስ ሃኒ ባራግዋናት ሆስፒታል ታሪክ ለእኛም ትምህርት ስላለው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ብሪስቶል ማየርስ ስኩዊብ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፣ በየል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና በድንበር የለሽ ሐኪሞች ግፊት፣ ስታቩዲን በተባለው ፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ላይ ያለውን የፓተንት መብት በደቡብ አፍሪካ እንደማያስከብር አስታወቀ። ለድሃው ትልቅ ድል ነበር። ደቡብ አፍሪካ በ2004 በመንግሥት ሆስፒታሎች ሕክምናውን በነፃ መስጠት ስትጀምር ስታቩዲን ግንባር ቀደም ምርጫ ሆነ። በ2005 ነፃ ሕክምና በጀመረችው ኢትዮጵያም ይኸው መድኃኒት ታድሏል።

መድኃኒቱ ነፍስ አድኗል። ይሁንና በየሕዋሳችን ውስጥ ምግብን ወደ ጉልበት የሚለውጡ፣ የራሳቸው ዲ.ኤን.ኤ. ያላቸው ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ ጥቃቅን አካላት አሉ። ስታቩዲን ቫይረሱን ሲያግድ ይህን ዲ.ኤን.ኤ. የሚያባዛውን ኢንዛይምም ያውካል። ያን ጊዜ እግር ያቃጥላል፣ ይደነዝዛል፤ የፊትና የእጅ እግር ስብ ይሟሽሻል፤ ከሁሉም የከፋው፣ ላክቲክ አሲድ በደም ውስጥ ተጠራቅሞ ሊገድል ይችላል። ሌላው በዘር የሚወርሰውን ዓይነት የሚቶኮንድሪያ ሕመም ድሃው ከመድኃኒት አገኘው ማለት ነው።

የሶዌቶ ሐኪሞች በ2007 ባወጡት ጥናት ይህ የአሲድ መጠራቀም መድኃኒቱን በሚወስዱ ሴቶች ላይ በብዛት መታየቱን ይፋ አደረጉ። ጊዜው ቀላል አልነበረም። ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ ስለ ኤድስ መንስኤ ጥርጣሬ ያሰሙ፣ የጤና ሚኒስትራቸውም ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሥር ብሉ ይሉ ነበር። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በ2008 እንደገመቱት ሕክምናው በመዘግየቱ ከ330,000 በላይ ሕይወት ጠፍቷል። እንዲህ ባለ አገር ስለ መድኃኒቱ ጉዳት መናገር ለካጆች ጥይት ማቀበል ሊመስል ይችላል። ሐኪሞቹ ግን ቆጥረው ጻፉ። መሰል ማስረጃዎች ከየአገሩ ተከማችተው የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ስታቩዲን ቀስ በቀስ እንዲቀር መከረ፤ ደቡብ አፍሪካም በ2010 ለአዲስ ታካሚዎች በቴኖፎቪር ተካችው።

ዛሬ ደግሞ ቡና ሚቶኮንድሪያን ያጠነክራል ሲባል እንሰማለን። በ2018 በጀርመን ዱሰልዶርፍ ተመራማሪዎች በአራት ስኒ ቡና ልክ የሚገኝ ካፌይን በልብ ሕዋስ ሚቶኮንድሪያ ላይ በጎ ውጤት እንዳለው አሳይተዋል። ለቡና አገር ልጆች ደስ የሚል ወሬ ነው። ሙከራው ግን በሕዋስና በአይጥ ላይ ነው። የቀይ ሥሩን ዘመን ያየ ሰው ጀበናን ከሐኪም አያስቀድምም።

በመንግሥት ጋዜጣ የሠራን ሰዎች የአገራችንን ልማድ እናውቀዋለን። «ይህን ያህል ሕዝብ መድኃኒት ጀመረ» የሚለው የፊት ገጽ ዜና ነው፤ «ይህን ያህሉን ጎዳው» የሚለው ግን ከአርታኢው ጠረጴዛ አያልፍም። በዚያ ዘመን ስታቩዲን ወስደው እስከ ዛሬ እግራቸውን የሚያቃጥላቸው ወገኖቻችን ምክንያቱን የማወቅ መብት አላቸው። የያዙትን መድኃኒት ማቋረጥ የለባቸውም፤ ሐኪማቸውን ግን ይጠይቁ።

መድኃኒት በማደሉ የሚመሰገን መንግሥት ጉዳቱንም የመቁጠር ዕዳ አለበት እንላለን።

ቸር ይግጠመን።