የውጭ ጉዳይ ዐዋቂ ምን ይጠቅመናል?

በተማሪዎች ምግብ ቤት የዓባይ ነገር በተነሣ ቍጥር ሁላችንም አምባሳደር እንሆናለን። አንዱ ጠረጴዛ ይደበድባል፤ ሌላው ጦር ያዘምታል፤ ውሉን ያነበበ ግን አይገኝም። እኔም ከነዚሁ አንዱ ነበርሁ። ስለዚህ የውጭ ጉዳይ ዐዋቂ የሚባለው ሰው ሥራው ምን እንደ ሆነ ባጭሩ ለመግለጽ እሞክራለሁ። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

የዐዋቂው የመጀመሪያ ሥራ ጽሑፉን አንብቦ መተርጐም ነው። በ1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ በተዋዋሉት ውል፥ በሦስተኛው አንቀጽ፥ በጥቍር ዓባይ፥ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ ውሃው ወደ ታች እንዳይወርድ የሚያግድ ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋራ ሳይስማሙ እንደማይሠሩ ተጽፏል። ከታች ያሉት ወገኖች ይህን ቃል የውሃውን መጠን ለሚነካ ሥራ ሁሉ ያውሉታል። በኛ በኩል ደግሞ ማገድ ማለት ፈጽሞ ማቆም እንጂ መጠቀም አይደለም ተብሎ ይመለሳል። እንግዲህ የአንድ ግሥ ትርጕም የአገሮች ክርክር ሆነ። የቋንቋ ትምህርት ምን ይሠራል ለሚሉን የሌላ ፋኩልቲ ወንድሞቻችን መልሱ ይኸው።

ሁለተኛው ሥራ በውሉ ውስጥ የሌለውን ማሳየት ነው። በ1959 ግብፅና ሱዳን በአስዋን የሚደርሰውን ውሃ በዓመት 84 ቢልዮን ሜትር ኩብ ቈጥረው፥ 10ሩን በትነት ለሚጠፋው ትተው፥ 55.5 ለግብፅ፥ 18.5 ለሱዳን ተካፈሉ። ከመቶው 85 ያህሉ የሚመነጭባት ኢትዮጵያ ግን ከገበታው አልተጠራችም። ያልፈረመ ሰው በሌላ ሰው ፊርማ እንደማይታሰር ዐዋቂው በትዕግሥት ያስረዳል።

ሦስተኛው ሥራ ከሁሉ ይከብዳል፤ ይኸውም የባላጋራን ፍርሃት ለገዛ ወገን መናገር ነው። ግብፅ ዝናም የማይበቃት፥ ከምትጠቀምበት ውሃ ከመቶ 90 የሚበልጠውን ከዓባይ የምታገኝ አገር ናት። ይህን የሚናገር ሰው ለግብፅ ወገነ ሊባል አይገባውም፤ የሌላውን ጭንቀት ሳያውቁ መደራደር አይቻልምና። የካይሮው ዐዋቂም በበኩሉ ስንት ሚልዮን ኢትዮጵያውያን ያለ ኤሌክትሪክ እንደሚያመሹ ለወገኖቹ ሊነግራቸው ይገባል። ደግሞም ለኤሌክትሪክ የተሠራ ግድብ ውሃውን መልሶ ይለቃል። ዋናው ጭቅጭቅ በድርቅ ዓመት ምን ያህል ይለቀቅ በሚለው ላይ ነው።

ሦስቱ አገሮች በ2015 በካርቱም ዐሥር መርሖዎች ፈረሙ። ሆኖም በ2025፥ 74 ቢልዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው ግድብ ሲመረቅ፥ ይህን የድርቅ ነገር የሚወስን አሳሪ ውል አልተፈረመም ነበር። እንዲህ ያለው ክፍተት በጭብጨባ አይሞላም።

እርግጥ ዐዋቂም ይሳሳታል፤ ደመወዝ የሚከፍለውን ለማስደሰት የሚናገርም አለ። ስለዚህ ሲናገር ስንሰማ፥ ውሉን ጠቅሷልን? ቍጥሩን ነግሮናልን? የማንወደውንስ ነገር አንድ እንኳ አሰምቶናልን? ብለን እንጠይቅ። ሦስቱንም ካላገኘን የሰማነው ቅስቀሳ ነው።

ነገሩ ወደ ጦርነት ቢያመራ የሚዘምተው በኛ ዕድሜ ያለው ወጣት ነው፤ በካይሮም እንደዚሁ። እንግዲህ የማኅበራችን የክርክር ክበብ ከመጪው ስብሰባ በፊት የ1902ን፥ የ1959ንና የ2015ን ጽሑፎች አባዝቶ ቢያድለን ምን ይመስላችኋል? ጠረጴዛውን ከዚያ በኋላ እንደበድባለን።