ማህፀን በክፍያ ሲከራይ የልጁ እናት ማን ናት?

ማህፀንን በክፍያ ማከራየት ማለት አንዲት ሴት ለሌሎች ሰዎች ፅንስ ተሸክማ ለመውለድና ሕፃኑን ለማስረከብ ገንዘብ ተቀብላ የምትዋዋልበት አሠራር ነው። ተዋዋዮቹ ስለ ክፍያውና ስለ ሕክምናው ሊስማሙ ይችላሉ። እናትነት ግን የሚወሰነው በሕግ በመሆኑ፣ ውሉ ያላሰበው ነገር ሲያጋጥም ጉዳቱ በቅድሚያ የሚያርፈው በውሉ ባልተሳተፈው ሕፃን ላይ ነው።

ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2008 በሕንድ ጉጃራት ግዛት፣ በአናንድ ከተማ የተከሰተው ጉዳይ ይጠቀሳል። ጃፓናውያን ባልና ሚስት ከአንዲት ሕንዳዊት ጋር ተዋውለው፣ ፅንሱ ከባልየው ዘርና ማንነቷ ካልተገለጸ ሴት እንቁላል ተገኘ። ሕፃኗ ከመወለዷ በፊት ግን ባልና ሚስቱ ተፋቱ፤ ሚስትየውም ልጅቷን ለመረከብ አልፈለገችም። የጃፓን ሕግ እናት አድርጎ የሚቀበለው የወለደችውን ሴት በመሆኑ ሕፃኗ የጃፓን ፓስፖርት ማግኘት አልቻለችም። አባትየው በጉዲፈቻ እንዳይወስዳት ደግሞ ሚስት የሌለው ወንድ ሴት ልጅ እንዳያሳድግ የሚከለክለው የሕንድ ሕግ ገደበው። ሦስት ሴቶች ድርሻ በነበራቸው ልደት በእናትነት የምትመዘገብ አንዲትም አልተገኘችም። ጉዳዩ እስከ ሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ሕፃኗ ከወራት በኋላ በልዩ የጉዞ ሰነድና ጃፓን በሰብዓዊነት በፈቀደችው ቪዛ ከአያቷ ጋር ልትሄድ ችላለች።

ሕንድ በ2015 ለውጭ ዜጎች የሚሰጠውን አገልግሎት አገደች፤ በ2021 ባወጣችው ሕግም ከሕክምና ወጪና ከመድን ሽፋን በቀር ማናቸውንም ክፍያ ከለከለች። የክልከላው ደጋፊዎች በድህነት ውስጥ ያለች ሴት የምትሰጠው ፈቃድ ነፃ ነው ለማለት ያስቸግራል ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ በበኩላቸው ሐኪሙም ጠበቃውም ሲከፈላቸው የእርግዝናን አደጋ የምትሸከመው ሴት ብቻ በነፃ እንድትሠራ መደረጉን ይነቅፋሉ። ይህ ነቀፌታ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ክልከላ ሁልጊዜ ሴቶችን ይጠብቃል ማለትም አይቻልም፤ ካምቦዲያ በ2016 ድርጊቱን ካገደች በኋላ በ2018 ከታሰሩት መካከል ነፍሰ ጡሮቹ ራሳቸው ይገኙበታል። ከእስር የተለቀቁትም የተሸከሟቸውን ልጆች ራሳቸው እንዲያሳድጉ ግዴታ ገብተው ነው።

በኢትዮጵያ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 እናትነት የሚረጋገጠው በመውለድ ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። በዚህ ድንጋጌ መሠረት እንቁላሉ የማንም ቢሆን እናት የምትባለው የወለደችው ሴት ናት። ጉዲፈቻም ቢሆን በሁለት ወገኖች ስምምነት ብቻ የሚጸና ሳይሆን፣ ፍርድ ቤት የሕፃኑን ጥቅም መርምሮ ሲያጸድቀው ብቻ ሕጋዊ ውጤት ይኖረዋል።